የቦሌ የማረፊያ ወረፋና የአብራሪዎች የፍጥነት ሥርዓት

በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መካከል በዋናው ጎዳና ላይ የምትገኘው የአዋበል ወረዳ ርዕሰ ከተማ ሉማሜ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚዘረጋው ቀጥተኛ የአየር መስመር ከከተማዋ በስተምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ከሉማሜ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የሚመጣ ትልቅ ጄት ለማረፍ ቁልቁል መውረድ የሚጀምረውም በዚሁ ርቀት ላይ ነው። በመሆኑም የቦሌ የማረፊያ ወረፋ የሚያዘው ቦሌ ላይ ሳይሆን ከዓባይ ሸለቆ ማዶ፣ በጎጃም ሰማይ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና ከባሕር ዳርና ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ የመንግሥት ሠራተኞች አውሮፕላኑ ከተማዋን ካዩ በኋላ ለተጨማሪ ደቂቃዎች አየር ላይ ሲዞር አጋጥሟቸው ይሆናል። የተለመደው ማብራሪያ "ማኮብኮቢያው ተጨናንቋል" የሚል ነው። ማብራሪያው ስሕተት ባይሆንም የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። አንድ ማኮብኮቢያ በሰዓት ስንት አውሮፕላን ያስተናግዳል የሚለውን በዋናነት የሚወስነው በሚያርፉት አውሮፕላኖች መካከል ያለው ክፍተት ሲሆን፣ ያን ክፍተት የሚጠብቁት ደግሞ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪውና የታዘዘውን ፍጥነት በትክክል የሚይዘው አብራሪ ናቸው።

በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ ቦሌን የአኅጉሩ የመንገደኞች መገናኛ አድርጎታል። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡ በረራዎች በብዛት ማለዳ ይገባሉ፤ መንገደኞቻቸውም ወደ አፍሪካ ከተሞች በሚሄዱ በረራዎች ይቀጥላሉ። ከአፍሪካ የሚመለሱት ደግሞ አመሻሹ ላይ ይደርሳሉ። ጫናው በሃያ አራቱም ሰዓት እኩል አይከፋፈልም። በጥር 2011 ዓ.ም. ተመርቆ የመንገደኞች ማስተናገጃውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን ያሳደገው የማስፋፊያ ሥራ የአዳራሹን ችግር አቃሎታል፤ በአየር ላይ ያለውን ወረፋ ግን ሊያሳጥር አይችልም።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በተለምዶ በሚሠራበት ምደባ መሠረት አውሮፕላኖች በክብደታቸው ከባድ፣ መካከለኛና ቀላል ተብለው ይለያሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ አውሮፕላን ከክንፎቹ ጫፍ የአየር አዙሪት ትቶ ስለሚያልፍ ነው። ከባድ አውሮፕላን ከባዱን ሲከተል 4 የባሕር ማይል፣ ማለትም 7 ነጥብ 4 ኪሎ ሜትር፣ መካከለኛው ከባዱን ሲከተል ደግሞ 5 የባሕር ማይል ወይም 9 ነጥብ 3 ኪሎ ሜትር መራቅ ይኖርበታል። ቦይንግ 777፣ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ከባድ ሲባሉ፣ ቦይንግ 737ም ሆነ በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠራው ባለ ውልብልቢት ኪው 400 መካከለኛ ናቸው።

የባሕር ዳሩ መንገደኛ ለምን እንደሚጠብቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የተሳፈረበት ኪው 400 ከአውሮፓ የመጣን 787 ሲከተል በሕጉ የተደነገገውን ርቀት ጠብቆ፣ በመጨረሻው ጉዞም ከፊቱ ካለው ይልቅ በዝግታ ስለሚበር ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል። ከኋላው ሌላ ከባድ ጄት ካለ ደግሞ እየደረሰበት ስለሚመጣ ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ተጨማሪ ርቀት መስጠት ይገደዳል። ትንሹን አውሮፕላን ከሁለት ትልልቆች መካከል ማስገባት ከሁለት በኩል ጊዜ ያስከፍላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ተመሳሳዮቹን በተከታታይ ቢያሳርፍ ትንሹን ንቆ አይደለም።

የፍጥነት ስሌቱም እንዲሁ ጥብቅ ነው። የአውሮፕላን ፍጥነት በኖት ይለካል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1 ነጥብ 85 ኪሎ ሜትር ነው። ተከታዩ አውሮፕላን ከፊተኛው በ20 ኖት ብቻ ቢፈጥን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ የባሕር ማይል ይበላል። "180 ኖት ያዝ" የተባለ አብራሪ 200 ይዞ ቢመጣ በጥንቃቄ የተሠራው ክፍተት ይፈርሳል። ቀድሞ ፍጥነቱን የቀነሰ አብራሪም ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያዘገያል።

ቦሌ ላይ ይህ ሥራ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ካሉ ከተሞች ይልቅ ይከብዳል። ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 330 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው። መሣሪያው 140 ኖት በሚያሳይበት ጊዜ አውሮፕላኑ በሞቃት ቀን በእውነተኛ ፍጥነቱ 160 ኖት አልፎ ይጓዛል። ሲያርፍ በፍሬን መዋጥ ያለበት ጉልበትም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ሲሶ ያህል ይበልጣል። ከማኮብኮቢያው ለመውጣት ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በብዙ አገሮች ከ10 ሺህ ጫማ በታች ከ250 ኖት በላይ መብረር ክልክል ነው። ይህ ከፍታ ለንደን ላይ ከምድር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ቦሌ ላይ ግን ከማኮብኮቢያው 700 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። በተለመደው የማረፊያ ቁልቁለት ላይ ለአውሮፕላኑ የሚቀረው ርቀት ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ቦታ ፍጥነት መቀነስ መጀመር ዘግይቶ መገኘት ነው። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራሮች ስላሉም ቀድሞ ዝቅ ብሎ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ዘመናዊ ጄት በአንድ ጊዜ በፍጥነት ሊወርድና ፍጥነቱን ሊቀንስ ይከብደዋል፤ ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም ግድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ማርሹን የሚያከብደው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። የአብራሪውም ዕቅድ ከሉማሜ አካባቢ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

የፍጥነት አያያዝ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል የሌሎች አገሮች የምርመራ ሪፖርቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 በካሊፎርኒያ ቡርባንክ የሳውዝዌስት ቦይንግ 737 በተቆጣጣሪው ትእዛዝ ከፍተኛ ፍጥነት ይዞ ቆይቶ በ182 ኖት ገደማ አርፎ ከማኮብኮቢያው አልፎ ወጣ። የሞተ ሰው አልነበረም። መርማሪዎቹ ማረፉን ያልተወውን አብራሪ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑን በዚያ አኳኋን ያቀረበውን ተቆጣጣሪም ተችተዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 በአምስተርዳም ደግሞ የቱርክ አየር መንገድ 737 የከፍታ መለኪያው በመሳሳቱ የሞተሮቹ ኃይል ሲቀንስ ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ተከሰከሰ፤ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ። አውሮፕላኑ በአጭር ርቀት ላይና ከላይ ወደ ማረፊያው መስመር እንዲገባ መደረጉ የኃይሉን መቀነስ ሸፍኖታል። አንዱ ከመፍጠን፣ ሌላው ከመዘግየት የመጡ ናቸው፤ በሁለቱም ግን ለመረጋጋት የቀረው ጊዜ አጥሮ ነበር።

በዚህ ምክንያት ነው በዘርፉ አውሮፕላኑ በመሣሪያ በሚያርፍበት አየር ከማኮብኮቢያው 1 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱና አቅጣጫው ካልተረጋጋ ማረፉን ትቶ እንደገና እንዲነሳ የሚመከረው። ዳግም ዙሩ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ወረፋውንም ያስረዝማል። የሰዓት አክባሪነት ሠንጠረዥን ብቻ የሚያነብ ኃላፊ ውሳኔውን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። እንዲህ ያለው አስተያየት አደገኛ ነው፤ ለመዘግየት ማብራሪያ የሚጠየቅ አብራሪ በሚቀጥለው ጊዜ ያልተረጋጋውን ማረፍ ሊገፋበት ይችላልና።

ሁለት ማኮብኮቢያዎች ብቻ ያሉት የለንደኑ ሂትሮው በዓመት እስከ 480 ሺህ በረራዎች እንዲያስተናግድ ተፈቅዶለታል። ከቁልፍ ዘዴዎቹ አንዱ አብራሪዎች 160 ኖትን እስከ 4 የባሕር ማይል ድረስ በትክክል መያዛቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኃይለኛ የፊት ነፋስ ባለበት ቀን እንዳይዘገይ በርቀት ሳይሆን በጊዜ መለያየትን ሥራ ላይ አውሏል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ቦሌ መቅዳት ግን አይቻልም፤ በስስ አየር ከ160 ኖት ወደ ማረፊያ ፍጥነት ለመውረድ የሚቀረው ጊዜ ያጥራልና። ሊወሰድ የሚገባው ሁሉም አብራሪ አንድ ዓይነት ፍጥነት በአንድ ቦታ ላይ የሚይዝበት ሥርዓት ነው።

ቦሌም ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት። ሆኖም ጎን ለጎን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ዓለም አቀፉ ደንብ በሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች ላይ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ለማሳረፍ ቢያንስ 1 ሺህ 35 ሜትር መራራቅን ይጠይቃል። ስለዚህ የቦሌ ሁለተኛው ማኮብኮቢያ ለሚነሱት እፎይታ ቢሰጥም የማረፊያ ወረፋውን ለሁለት አይከፍለውም። በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የቢሾፍቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች እንዲኖሩት ታቅዷል፤ ከቦሌም በከፍታ ዝቅ ይላል። እስከዚያው ድረስ የማለዳው ወረፋ የሚሠራው ባለው ሰማይ ላይ በመሆኑ፣ የአገር ውስጥ በረራዎችን የመድረሻ ሰዓት ከትልልቆቹ ጄቶች ጎርፍ ጥቂት ማራቅ ምንም ኮንክሪት የማይጠይቅ አማራጭ ነው።