በፎገራ ሜዳ ጎርፍ «ያልታሰበ» ሊባል አይገባም፦ የሙያ ማህበራት ድርሻ በግንባታው ዘርፍ
(ዜና ትንታኔ)

ወረታ፦ የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነስተው የፎገራን ሜዳ በማቋረጥ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ከደጋው ጠርገው የሚያመጡትን አፈር ሜዳው ላይ ሲደርሱ ያራግፉታል፤ ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገ ቁጥርም ውኃው ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው የጎርፍ አደጋ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል።

በአካባቢው መንገድ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ የሚገነባ ባለሙያ ከዚህ እውነታ ጋር መጋፈጡ አይቀሬ ነው። ሜዳውን በስፋት የሸፈነው ጥቁር መረሬ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በቂ የአፈር ጥናት ሳይደረግበት የተጣለ መሠረት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግድግዳ ሊሰነጥቅ፣ የውኃ መተላለፊያው የጠበበ መንገድም በአንድ ክረምት ሊቆረጥ ይችላል።

ሥራው ሲጓተት ከሥራ ተቋራጮች በተደጋጋሚ የሚቀርበው ምክንያት «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1793 ጎርፍን እንደ ሁኔታው ከአቅም በላይ ሊባሉ ከሚችሉ ክስተቶች መካከል ይጠቅሰዋል። ይሁንና አንቀጽ 1792 አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል፣ ወይም ግዴታውን ከባድ ከማድረግ ያላለፈ ነገር ከአቅም በላይ ነው ሊባል እንደማይችል ይደነግጋል። ከዚህ አኳያ በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣን ውኃ ያልታሰበ ነው ብሎ መከራከር ያዳግታል።

የዋጋ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1794 ተዋዋዮች በግልጽ ካልተስማሙ በስተቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከአቅም በላይ እንደማይባል ያመለክታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ በሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ላይ የታየው የዋጋ ለውጥ፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ በውል ውስጥ በጥንቃቄ መካተት እንዳለበት ያስገነዘበ ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ለአንድ ባለሙያ እንግዳ የሆነው ነገር ለሙያው በጠቅላላ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ወደ ወረታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ መሐንዲስ የማያውቀውን ከእርሱ በፊት በሥፍራው የሠሩ ባልደረቦቹ ያውቁታል። ችግሩ ይህ እውቀት ርክክቡ እንዳለቀ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታቅዶ አሥር ዓመት ያህል የወሰደ ፕሮጀክት ነው። ከእንዲህ ያለው ሥራ የሚገኘው ልምድ ለቀጣዩ ባለሙያ ካልተላለፈ፣ ተመሳሳይ መዘግየት ሌላ ቦታ መደገሙ አይቀርም።

የሙያ ማህበራት ፋይዳ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማህበር «ዘዴ» የተሰኘውን ሙያዊ መጽሔት ያሳትም የነበረው እውቀትን ከግለሰብ ወደ ሙያው ለማሻገር ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሐንዲሶች ማህበራት ድጋፍ የሚንቀሳቀስ ተቋም፣ ባለሙያዎች በግንባታ ላይ ያጋጠሟቸውን አደጋዎችና ለጥቂት የተረፉ ስህተቶችን ማንነታቸው ሳይገለጽ እንዲያሳውቁ በማድረግ ትምህርቱን ለሁሉም ያሰራጫል። ባለሙያው ስሙ እንደማይነሳ ሲያውቅ እውነቱን ይናገራል።

በአገራችን ለዚህ የሚያግድ ሕግ የለም። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማህበራት የአባሎቻቸውን ጥቅም ከማስጠበቅ ባሻገር የሙያ ሥነ ምግባርን እንዲያጎለብቱ፣ የአባላትን አቅም እንዲገነቡና ሙያዊ አስተዋጽኦን ለኅብረተሰቡ እንዲያስተባብሩ ያስችላል።

በመሆኑም ማህበራቱ በየአካባቢው የተገኙ የአፈር ምርመራ ውጤቶችን፣ የጎርፍ ከፍታ ምልክቶችንና የውል ክርክር ልምዶችን አሰባስበው ለአባላት ሊያቀርቡ ይገባል። አሠሪ መሥሪያ ቤቶችም የድርሻቸውን መወጣት ይጠበቅባቸዋል። የጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ይህን መረጃ መጠየቅ፣ የመሠረትና የአፈር ሥራን ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ማቀድ፣ የመጠባበቂያ በጀት መያዝ፣ የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶችን ሰነድም ለማህበራቱ ክፍት ማድረግ ተጨማሪ መዋዕለ ንዋይ እምብዛም የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው።

የፎገራ አርሶ አደሮች ውኃ የሚተኛበትን መሬት ለሩዝ ልማት በማዋል አካባቢውን በሩዝ ምርት ስመ ጥር አድርገውታል። ይህን የቻሉት የውኃውን መምጣት እንደ ድንገተኛ ሳይሆን እንደሚጠበቅ ነገር ቆጥረው፣ ያገኙትን ልምድ ከጎረቤት ጎረቤት በማስተላለፋቸው ነው። የግንባታው ዘርፍም ይህንኑ ካደረገ፣ ከመንግሥት ካዝና የሚወጣው ገንዘብ ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍ ከመወሰድ ይድናል።