ሳያዩ ስለ መሣል

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ነገ መምህር የሚሆነው፣ ልጅ ወልዶ የሚያሳድገውም ብዙ ነውና ይህን ቃሌን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ለሕፃናት የሚሰጠው የሥዕል ትምህርት ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ከነርሱ ይልቅ የተሳሳትነው ግን በሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ሥለን «ይህን ገልብጡ» በማለታችን ብቻ ሥዕል ያስተማርን የመሰለን መምህራን ነን። ይህንም የምናገረው መጀመሪያ ራሴን ከስሼ ነው።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ባለቀለም የሥዕል መጽሐፍ ነበረ፤ በውስጡም በበረዶ ላይ የሚሄድ ነጭ ድብ ይታይ ነበር። ያን ድብ ደጋግሜ ከመገልበጤ የተነሣ ዓይኔን ጨፍኜ እሥለው ነበር። አባቴ ያርስበት የነበረውን በሬ ግን አንድ ቀን እንኳ ሥዬው አላውቅም፤ በሬ የሚሣል ነገር አይመስለኝም ነበርና።

ወጣት መምህር ሳለሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሁለት ቀንዱ እኩል ወደ ላይ የቆመ በሬ በሰሌዳ ላይ ሣልሁና ልጆቹን አስገለበጥኋቸው። አንዱ ልጅ ግን ግንባሩ ነጭ የሆነ፣ አንደኛው ቀንዱ ወደ ታች ታጥፎ ዓይኑን ሊነካ የደረሰ በሬ ሥሎ አመጣ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው «ጋሼ፣ የእኛ ቦቃ ነው» አለኝ። እኔም በቀይ ቀለም ሰርዤ ዜሮ ሰጠሁት፤ ክፍሉም ሳቀበት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ያን ልጅ ከአባቱ ጋር በሬ ሲነዳ አገኘሁት። በሬው ቦቃ ነበር፤ አንድ ቀንዱም ልክ እንደ ሥዕሉ ታጥፎ ዓይኑ አጠገብ ደርሷል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ የምሥለውን እየገለበጠ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ጀመር፤ የራሱን በሬ ግን ዳግመኛ አልሣለም። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ያስያዝሁት ትምህርት «ዓይንህን አትመን» የሚል ነበር።

ይህ ስሕተት በታላላቆች ዘንድም ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1515 ከህንድ አገር አንድ አውራሪስ ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ። ስመ ጥሩው የጀርመን ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር አውሬውን በዓይኑ ሳያይ፣ በደረሰው ጽሑፍና ንድፍ ብቻ ሣለው። ቆዳውን እንደ ወታደር የብረት ልብስ አደረገው፤ በጀርባውም ላይ የሌለውን ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ዱረር ሄዶ ማየት ስላልቻለ አይፈረድበትም። የሚያስገርመው ከርሱ በኋላ የመጡት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያንኑ መገልበጣቸው ነው።

በ1621 የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ከእኛው አገር የተወሰደ አንድ የሜዳ አህያ በህንድ ለንጉሥ ጃሃንጊር ቀረበለት። አንዳንዶች መስመሩ በሰው እጅ የተቀባ መሰላቸው። ነገር ግን እንስሳው በሚገባ ተመርምሮ መልኩ የፈጣሪ ሥራ መሆኑ ታወቀ፤ ሠዓሊው መንሱርም ሣለው። ያ ሥዕል ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እነሆ፣ ባዕድ ንጉሥ የኢትዮጵያን የሜዳ አህያ አስመርምሮ እውነቱን አወቀ፤ እኔ ግን የጎጃምን በሬ ለማየት ከትምህርት ቤቱ በር ሳልወጣ ፈረድሁ።

«የባዕድ አገር ጥበብ ልጆቻችንን የራሳቸውን ያስረሳቸዋል» የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው እያየ ያድጋል። የአንበሳው ፊት ብዙ ጊዜ ወደ ሰው ፊት ያዘነበለ ነው፤ ስለምን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። የመንሱርን የሜዳ አህያ ከአጠገቡ ብታሳዩት «ያኛው መልኩን ሥሏል፣ የእኛው ምሥጢሩን ሥሏል» ብሎ ይለያል። እንግዲህ የሌላው ጥበብ የራሱን ገለጠለት እንጂ አላስረሳውም።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ለሚለውም መልስ አለኝ። ገበሬ ቡሬውን ከዳልቻው በሩቅ የሚለየው፣ መታመሙንም ከአረማመዱ የሚያውቀው አጥብቆ በማየት ነው። ሐኪም የሕመምተኛውን ፊት የሚያነብበው በዚሁ ነው። አገራችን ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ሰሙን አጥርቶ ያላየ ወርቁን እንደማያገኝ መምህራኑ ያውቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕፃናቱን ከክፍል አውጥታችሁ በአህያ፣ በዶሮ ወይም በበግ ፊት አስቀምጧቸው። ከመሣላቸው በፊት ጠይቋቸው፤ ጆሮው ወዴት ይዞራል? የኋላ እግሩስ ወዴት ይታጠፋል? ከዚያ ይሣሉ፤ እርሳስ ከሌለ ከሰል ይበቃል። የሌሎች ሕዝቦችን ሥዕል የምታሳዩአቸው ከዚህ በኋላ ይሁን። ይህን ተራ አታፋልሱ፤ የራሱን በሬ ያላየ ልጅ የሰውን የሜዳ አህያ ከመገልበጥ አያልፍምና።

ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሳይሆን አይቀርም። ያ ዜሮ የተገባው ለእኔ ነበር። እናንተ ግን ልጅ ያየውን ሥሎ ባመጣላችሁ ጊዜ፣ ቀይ ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት ሄዳችሁ በሬውን እዩ።