ለማያልቀው መስከረም ደቦ እንጥራ

«ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነበር። የልደት ቀኔን ወደ ፈረንጅ ስቀይር የምደምረው ሰባት ነው ስምንት?»

ጥያቄው የመጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ሺዎች በተሰበሰቡበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ። የመጀመሪያው መላሽ «7» ብሎ አለፈ። ሁለተኛው «8 ነው፣ እንዳትሳሳቺ» አለ። ሦስተኛው «ይሄ መቶ ጊዜ ተጠይቋል፣ ሰርች አድርጊ» ብሎ ገሠጻት። አራተኛው «ኢንቦክስ ነይ» አላት። ከዚያ አንዱ የሳቅ ምልክት ጣለና ወሬው ወደ እግር ኳስ ዞረ። ልጅቱ «እሺ አመሰግናለሁ» ብላ ጠፋች። ስንት ደምራ ቅጹን እንደሞላች እንጃ። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ከች አለ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። መልሱንም አውቀው ነበር። «አሁንስ ለስንተኛ ጊዜ ልጻፈው?» ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ጥሪ የምጽፈው በዚያ ዝምታዬ አፍሬ ነው።

መልሱ ይኸውላችሁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው በዓመቱ ላይ 7 ይደምራል። ከዚያ በኋላ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ስለሚገባ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የተወለደው 8 ይደምራል። ስለዚህ 7 ያለውም 8 ያለውም አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ መልስ ሰጥተው ሄዱ። ከዓመቱ ይልቅ ሰውን የሚጥለው ደግሞ ወሩ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 1990 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ የተወለደችው ኤፕሪል 13 ቀን 1998 ነው። ሚያዝያ ስምንተኛ ወራችን ስለሆነ «05/08» ብላ ከጻፈች ግን ቅጹን የሚያነበው ሰው ኦገስት 5 አድርጎ ይመዘግባታል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይጨመራል።

አለቀ። አንድ አንቀጽ ናት። ይህችን አንቀጽ አንድ ሰው አንድ ጊዜ በሥርዓት ጽፎ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ሰቅሏት ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ፓስፖርቷና የትምህርት ማስረጃዋ ሳይገጥሙ ቀርተው በየቢሮው ልትንከራተት የምትችልበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ስለ ተደጋጋሚ ጥያቄ ስናወራ ሁልጊዜ የምንከሰው ጠያቂውን ነው። ሰነፍ ነው፣ አያነብም፣ ጎርሶ መዋጥ ብቻ ይፈልጋል እንላለን። ሰነፍ ጠያቂ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ግን እስቲ «ሰርች አድርጊ» የምንለውን እኛው እንሞክረው። የሥራ ፈቃድን ጉዳይ ፈልጉ። አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ፈቃድ» ሌላው «ፍቃድ» ብሎ ስለሚጽፍ ሁለቱ ቃላት በአራት መልክ ተበትነው ይገኛሉ። «ሰዓት» ብቻዋን፣ ሁለቱን ሰ እና አራቱን አ ብታባዙት፣ ስምንት ዓይነት ትጻፋለች። የቴሌግራም ፍለጋ ሥ እና ስ በጆሯችን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም ቁጠሩት። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጥሩ መልስ የሰጠ ሰው ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቮይስ ነው የላከው፤ ድምፅ በፊደል ተፈልጎ አይገኝም። አለዚያም ስክሪንሾት ነው። ግሩፑ የግል ከሆነና አድሚኑ ቅንብሩን ካልከፈተው፣ ዛሬ የገባ ሰው የትናንቱን መልእክት ጭራሽ ላያየው ይችላል። የማይታየውን እንዴት ያንብበው?

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ጥያቄ የሚደጋገመው መልሱ ቤት ስለሌለው ነው። ቤቱን መሥራት ደግሞ የጠያቂው ሥራ አይደለም፤ የእኛ የነባሮቹ ነው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። ኢንተርኔት እንዲህ ሳይስፋፋ በፊት ዩዝኔት የሚባል የውይይት መረብ ነበር። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ አዳዲስ ተማሪዎች ይጎርፉና የታወቀውን ሁሉ እንደገና ይጠይቃሉ። ነባሮቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ያስተምራሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ሁሉም መልክ ይይዛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ግን ኤኦኤልን የመሳሰሉ የኦንላይን አገልግሎት ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ሁሉ በሩን ከፈቱና አዲስ ገቢው ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ሆነ። ነባሮቹ እያዘኑም እየቀለዱም ከ1993 ወዲህ ያለውን ዘመን የማያልቅ ሴፕቴምበር አሉት። ቀልዱ ወደ አማርኛ ሲመጣ ምንም አይጎድልበትም፤ የእኛም ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነውና። ዛሬ ስልክ የገዛ ሁሉ አዲስ ተማሪ ነው። የእኛም መስከረም አያልቅም።

እነዚያ ሰዎች ግን ሲያማርሩ ብቻ አልኖሩም። ገና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ስለ ጠፈር በኢሜይል በሚወያይ ቡድን ውስጥ፣ የናሳው ዩጂን ሚያ የተለመዱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ሰብስቦ በየጊዜው ይልክ ጀመር። ዛሬ በየድርጅቱ ገጽ «ተዘውትረው የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የሚል ርዕስ የምናየው ከዚያ ልማድ ወርዶ ነው። በ2008 ደግሞ ጆኤል ስፖልስኪና ጄፍ አትውድ ለፕሮግራመሮች ስታክ ኦቨርፍሎውን አቋቋሙ። እዚያ አንድ ጥያቄ ከዚህ ቀደም ተመልሶ ከሆነ ይዘጋና ጠያቂው በሊንክ ወደ አሮጌው መልስ ይመራል። በ2012 እዚያው አንድ ሰው ቪም ከሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቀ። ሊያሳፍር የሚችል ጥያቄ ነው፤ የገባበትን ቤት በር ማጣት ማለት ነው። በ2017 ግን ያ ገጽ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎብኝቶ ነበር። አንዱ ደፍሮ ጠየቀ፣ ሌላው አንዴ በወጉ መለሰ፣ ሚሊዮን ጊዜ አገለገለ።

ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው። በዚያው ቦታ ጥያቄ የመዝጋቱ ልማድ ቁጣ እየተጨመረበት ሄደና አዲስ ሰው ለመጠየቅ የሚፈራው ሆነ። በ2018 ድርጅቱ ራሱ ለአዲስ ገቢዎች የማይመች መሆኑን በአደባባይ አመነ። ከእነሱ ሊንኩን እንውሰድ፣ ግልምጫውን እዚያው እንተውላቸው። ግልምጫ ለራሳችን በቂ አለን።

ደግሞስ ለዚህ ነገር ፈረንጅ ጋ መሄድ ያስፈልገን ነበር? በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የኔታ ሀ ሁን ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ራሳቸው ቢያስቆጥሩ ኖሮ ሌላውን ትምህርት መቼ ያደርሱት ነበር? ፊደል የለየው ልጅ ገና ለገባው ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የለየውን ይይዛል። ትናንት የጠየቀ ዛሬ ይመልሳል። ማንም «ይሄ ተጠይቋል» ብሎ ሕፃን ልጅ አያባርርም። ቴሌግራም ላይ ስንገባ ይህን ደንብ ደጅ ላይ ጥለነው ገባን።

ስለዚህ ደቦ እጠራለሁ። የአንድ ሰው አዝመራ ሲደርስ መንደሩ ማጭዱን ይዞ እንደሚወጣው ዓይነት ደቦ።

አድሚኖች፣ መጀመሪያ የምጠራው እናንተን ነው፤ ቁልፉ እናንተ እጅ ነውና። የድሮው መልእክት ለአዲስ ገቢ እንዲታይ ክፈቱ። በየግሩፓችሁ በብዛት የሚመላለሱትን አሥር ጥያቄዎች ለዩ፤ መቶ አይሁኑ፣ መቶ ካላችሁ አትጀምሩትም። አሥሩን ከነመልሳቸው በአንድ መልእክት ላይ ደርድራችሁ ፒን አድርጉ። አንድ ቃል በስንት መልክ እንደሚጻፍ አይታችኋልና ከሥሩ ሁሉንም አጻጻፍ፣ የላቲኑንም ጭምር፣ ጨምሩበት፤ ፈላጊው በየትኛውም ቢመጣ ያግኘው። የሚሰድበውን መላሽ ደግሞ ከሚደጋግመው ጠያቂ ቀድማችሁ ምከሩት።

እናንተ የምታውቁ፣ «ኢንቦክስ ነይ» ይብቃ። ገመናና የግል ሰነድ ያለበት ጉዳይ ካልሆነ በቀር መልስ በአደባባይ ይሰጥ። በኢንቦክስ የተሰጠ መልስ አንድ ሰው ጠቅሞ ይሞታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እዚያ ጓዳ ውስጥ የሚጠብቀው ደላላ ነው። ራስ ሊሞላው የሚችለውን ቅጽ በብር የሚሞላው ሰው እንጀራው የእኛ ዝምታ ነው። ቮይስም ይቅር አልልም፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን በጆሯቸው ነው የሚረዱት። ቮይሱን ላኩ፣ ግን ከሥሩ ሦስት መስመር ጽሑፍ ይኑር።

ከምንም በላይ ደግሞ በመልሱ ላይ ቀን ጻፉ። ለዓመታት «የዲቪ ማመልከቻ በነጻ ነው» ስንል ኖረናል፤ እውነትም ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የ1 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ደነገገችበት። በየግሩፑ ቀን ሳይኖራቸው የሚዞሩት አሮጌ መልሶች ግን ዛሬም «በነጻ ነው» እያሉ ነው። ሲጻፉ ትክክል ነበሩ፤ ቀን ስለሌላቸው ስህተት ሆነው ቀሩ። መልስ እንደ ወተት ነው፤ መቼ እንደታለበ ያልታወቀውን ለልጅ አይሰጡም።

ጠያቂዎችም ሥራ አለባችሁ። «ስለ ፓስፖርት የሚያውቅ አለ?» ተብሎ አይጠየቅም። የትኛው አገር ናችሁ፣ የትኛው ቅጽ፣ የትኛው ሣጥን ላይ ደረሳችሁ፣ ምን ሞከራችሁ? ይህን ጻፉ። መልስ አግኝታችሁ ጉዳያችሁ ሲያልቅ ደግሞ ተመለሱና እንዴት እንዳለቀ ንገሩን። ስንቱ ነው «ተሳካልኝ» ሳይል የሚጠፋው! ከማንም መልስ ይልቅ የሚታመነው ትናንት በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ቃል ነው።

«ቻትጂፒቲ እያለ ምን ያለፋናል?» የሚለኝ አይጠፋም። ያ ማሽን የሚያውቀው ተጽፎ ያገኘውን ነው። የእኛ እውቀት በቮይስና በኢንቦክስ ተቀብሮ ሳለ በአማርኛ ምን አንብቦ ይመልስልን?

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይታየኛል። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልኳን የምትይዘው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ሊሆን ይችላል። ጥያቄዋን ትጽፋለች። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ «ሰርች አድርጊ» የሚል መልስ ከመጣላት ሌሊቱ በከንቱ አለፈ። ፒን የተደረገች አንዲት አንቀጽ ካገኘች ግን ሳትጠይቅም ተመልሶላት ትተኛለች። ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ያለው ወገን፣ ቅጹን ሞልቶ ወረፋውን ቆሞ ያለፈው ሁሉ፣ ለዚህች ልጅ የሚሆን አንድ አንቀጽ አያጣም።

ጊዜ አንስጠው። ዛሬ ማታ ግሩፓችሁን ስትከፍቱ አንድ የሰለቻችሁን ጥያቄ ምረጡ። ያችኑ፣ ስታዩዋት ደማችሁ የሚፈላውን። አንድ ጊዜ በሥርዓት መልሷት፣ ቀን ጻፉባት፣ አድሚኑን ፒን አድርግልኝ በሉት። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ ስትመጣ ሊንኳን ከ«ሰላም እህቴ» ጋር ላኩ። ደቦ የሚጀመረው አንድ ሰው እርሻው ላይ ሲታይ ነው።

የልደት ቀኑን እኔ ወስጃለሁ፤ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ገልብጣችሁ ውሰዱት። የቤተሰብ ስም የሌለን ሰዎች በፈረንጅ ቅጽ ላይ የአባትንና የአያትን ስም የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደምንጽፍ በየቀኑ የሚጠየቀውን ግን ገና ማንም አላነሳውም። እሱን ማን ይወስዳል?