ወደ ጽሑፍ ሄዶ የማይመለሰው ጨዋታ

የቦቢ ፊሸርና የቦሪስ ስፓስኪ ዳግም ግጥሚያ 29ኛ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1992 ቤልግሬድ ላይ ተካሂዶ በ43ኛው እርምጃ በአቻ ውጤት አለቀ። የቼዝ ወዳጆች ስለዚያ ግጥሚያ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህን ጨዋታ አይደለም። በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ግን ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ታውቆ ቀረ። ስቲቨን ኤድዋርድስ በ1993 ፒጂኤን የተባለውን የቼዝ መጻፊያ ሥርዓት ሲያረቅ በሰነዱ ውስጥ ለምሳሌነት የመረጠው ይህንኑ ጨዋታ ነበርና ነው። በፋይሉ ላይ ከቤልግሬድ ስም ጎን የዩጎዝላቪያ መለያ ተጽፏል። ዩጎዝላቪያ ዛሬ የለችም። ጽሑፉ ግን አሁንም በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ ሰሌዳው ይዘረጋል፣ ጠጠሮቹ ይራመዳሉ።

ጨዋታን ወደ ጽሑፍ መቀየርን የሚያደንቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት ሰው ሊያነበው መቻሉን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የጽሑፍ ቅርጸት ትልቁ ዋጋ ያለው መመለስ መቻሉ ላይ ነው፤ ከፕሮግራም ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሻገር ምን እንደተረፈና ምን እንደጎደለ ቁርጡን ማወቅ ስንችል። የሚጎድለው ነገር ደግሞ ቅርጸቱን የነደፉት ሰዎች "ጨዋታ ማለት ይህ ነው" ብለው ካሰቡት ውጪ የቀረው ነው። ይህ ለቼዝ ብዙም አልጎዳም። ለእኛው ባህላዊ ቼዝ፣ ለሰንጠረዥ፣ ግን ይጎዳል፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ከፒጂኤን በፊት ብዙዎቹ የቼዝ ፕሮግራሞች ጨዋታን የሚያስቀምጡት እያንዳንዱ በራሱ ባይነሪ ፋይል ነበር። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ሰሌዳው 64 ካሬ ስላለው መነሻውን ለመግለጽ 6 ቢት፣ መድረሻውን ለመግለጽ 6 ቢት ይበቃል፤ አንድ እርምጃ በአብዛኛው 12 ቢት ነው። ዲስኬት ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ችግሩ የእነዚያ ቢቶች ትርጉም ያለው በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ሥራውን ሲተው ወይም ባለቤቱ ሌላ ፕሮግራም ሲገዛ፣ ለዓመታት የተሰበሰበው የጨዋታ ክምችት አንባቢ ያጣል።

ኤድዋርድስ ያቀረበው መፍትሔ ተራ የሚመስል ነው። በመጀመሪያ ሰባት መለያዎች ይጻፋሉ፤ ውድድሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ዙሩ፣ የነጩ ተጫዋች ስም፣ የጥቁሩ ስም፣ ውጤቱ። ቀኑ ካልታወቀ በቁጥሮቹ ምትክ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል፤ አለማወቅም በሥርዓት ይጻፋል ማለት ነው፤ ይህን ብዙ የመሥሪያ ቤት ቅጾች ቢማሩት ደስ ባለኝ። ከዚያ እርምጃዎቹ በተራ ይከተላሉ። አጻጻፉ የካሬውን ስም በፊደልና በቁጥር የሚጠራው ነው፤ የሶርያው ሰው ፊሊፕ ስታማ ከሐለብ ወጥቶ በ1737 ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽንም በ1981 ብቸኛ አጻጻፍ አድርጎ የወሰነው።

ይህ አጻጻፍ አጭር የሆነው ግማሹን ሥራ ለአንባቢው ስለሚተው ነው። "ፈረስ ወደ ኤፍ3" ሲል ፈረሱ ከየት እንደተነሳ አይናገርም። አንባቢው ሕጉን ስለሚያውቅ፣ ከፈረሶቹ የትኛው እዚያ ሊደርስ እንደሚችል ራሱ ያሰላል። ሁለቱም የሚደርሱ ከሆነ ጸሐፊው የመነሻውን ፊደል ይጨምራል። እዚህ ላይ ብዙ ፕሮግራመሮች የሚሰናከሉበት ጉዳይ አለ። ከሁለቱ ፈረሶች አንዱ ንጉሡን ከጥቃት ጋርዶ የቆመ ቢሆንስ? ቢነሳ ንጉሡ ስለሚጋለጥ በሕግ መንቀሳቀስ አይችልም። ሊሄድ የሚችለው አንድ ፈረስ ብቻ ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት ተጨማሪው ፊደል መጻፍ የለበትም። ይህን ያልፈተሸ ፕሮግራም ፊደሏን ይጨምራል። ሰው ሲያነበው ምንም ልዩነት የለውም፤ ሁለቱን ፋይሎች የሚያወዳድር ማሽን ግን አንዱን ጨዋታ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ኤድዋርድስ ይህን ቀድሞ አይቶታል። ሰነዱ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይለያል። አንደኛው የማስገቢያ ነው፤ ሰው በእጁ የጻፈውን፣ ክፍተቱ የተዛባውን፣ መስመሩ የረዘመውን ሁሉ ታግሶ ይቀበላል። ሁለተኛው የማውጫ ነው፤ እዚህ ትዕግሥት የለም። መለያዎቹ በቅደም ተከተል፣ መስመሩ ከ80 ፊደል በታች፣ ክፍተቱ አንድ ብቻ። ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች አንዱን ጨዋታ ሲያወጡ ፋይሎቹ ባይት በባይት አንድ መሆን አለባቸው። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ጉዞ የተዝረከረከውን ያስተካክላል፤ ሁለተኛው ጉዞ ምንም አይቀይርም። ሰነዱን ከእኩዮቹ አብልጦ ያቆየው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ አንድ ውሳኔ ነው። ጠጠሮቹ የሚጠሩባቸው ፊደላት ከእንግሊዝኛ መወሰዳቸውም የዚያው ውሳኔ አካል ነው። ጀርመኑም ሩሲያዊውም የየራሱ የፈረስ ምልክት አለው። ፋይሉ አንድ ይሁን፣ ቋንቋው በስክሪኑ ላይ ይቀየር መባሉ ትዕቢት ሊመስል ይችላል፤ ግን ትክክል ነበር።

ጽሑፍ ቦታ ይፈጃል የሚለው የድሮ ክርክር ዛሬ አልቋል። ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ-ገጽ ከ2013 ጀምሮ የተደረጉበትን ጨዋታዎች በየወሩ ከፋፍሎ ለሕዝብ በነጻ ያወጣል። ብዛታቸው በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ፋይሎቹም ፒጂኤን ናቸው። ታምቀው ስለሚቀመጡ መጠናቸው ሰባት እጥፍ ያህል ይቀንሳል።

አሁን ወደሚጎድለው እንምጣ። የሐምቡርጉ የቼዝ ፕሮግራም ሠሪ ቼስቤዝ በራሱ ፋይል ውስጥ ባለቀለም ቀስቶችንና የተቀቡ ካሬዎችን ያስቀምጣል። ፒጂኤን ለእነዚህ ቦታ የለውም። ስለዚህ በማስታወሻ ቅንፍ ውስጥ እንደ ምስጢር ቃል ተሰክተው ይወጣሉ፤ ምስጢሩን የሚያውቅ ፕሮግራም ቀስቱን ይመልሰዋል፣ የማያውቀው ትርጉም የሌለው ፊደል ያሳያል። ተጫዋቹ ለእያንዳንዱ እርምጃ የወሰደው ጊዜም የሚያልፈው በዚያው ቅንፍ በኩል ነው። ፌን የተባለው፣ የአንድን ቅጽበት ሰሌዳ በአንድ መስመር የሚጽፈው አጻጻፍ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለው። የጠጠሮቹን አቀማመጥ፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ ንጉሡ ገና ከምሽጉ ሊገባ መቻሉን ሁሉ ይይዛል። ያ አቀማመጥ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ግን አይናገርም፤ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አቻ መጠየቅ ይቻላልና ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። ከጨዋታ ወደ ፌን መሄድ ይቻላል፤ ከፌን ወደ ጨዋታው መመለስ አይቻልም።

ጠፍቷል የምንለው ሁሉ ግን አልጠፋም። በምን ጠጠር ማት እንደተደረገ በመለያዎቹ ላይ አይጻፍም፤ የመጨረሻውን እርምጃ ያነበበ ግን ያገኘዋል። ተሸናፊው እጅ ሰጥቶ ይሁን ሰዓቱ አልቆበት፣ ይህን ከእርምጃዎቹ ማስላት አይቻልም፤ አስቦ የጻፈው ሰው ከሌለ ጠፋ ማለት ነው። ቅርጸት የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ መለየት ያለበት እነዚህን ሁለቱን ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ከፒጂኤን ጋር የሚጋጩት ገና በስማቸው ነው። ደንቡ የቤተሰብ ስም ይቅደም፣ ኮማ ይከተል፣ ከዚያ የተጫዋቹ ስም ይምጣ ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። ስለዚህ በዓለም አቀፍ የጨዋታ ክምችት ውስጥ የአገራችን ልጅ የሚፈለገው በአባቱ ስም ነው። በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ቢባል ደግሞ የ1993ቱ ደንብ የሚያውቀው የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ ነበር፤ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው።

ይህ ግን ከሰንጠረዥ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የኖረው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን፣ በ1913 የቼዝን ታሪክ የጻፈው ሙሬይ፣ በ1971 ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ጽፈዋል። በሰንጠረዥ ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ዓይኑን ከሌላው እጅ አያነሳም፤ ያኛው የጀመረውን አይቶ የራሱን ይቀይራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ተራ ይጀመራል። ማቱም ማዕረግ አለው፤ በደር (በሩክ) ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ቀላል ይታያል፣ በመደቅ (በወታደር) ማሸነፍ ግን ያስመሰግናል።

ይህን በፒጂኤን እንጻፈው ቢባል ነጭ አንድ፣ ጥቁር አንድ እያለ የሚቆጥረው ሥርዓት ገና ከመነሻው ይሰበራል። ፕሮግራመሩ ግን አቋራጭ አያጣም። ፒጂኤን ጨዋታን ከመካከል ለመጀመር ይፈቅዳል፤ መነሻውን አቀማመጥ በፌን ጽፎ ከዚያ መቀጠል ይቻላል። ስለዚህ ወረራው ያለቀበትን ሰሌዳ በአንድ መስመር አስፍሮ፣ ተራ ከተጀመረ በኋላ ያለውን ብቻ መዘርዘር ነው። ፋይሉ ንጹሕ ይሆናል፣ ሄዶ ይመለሳል፣ ማንም ስሕተት አያገኝበትም። የማቱ ማዕረግም ከመጨረሻው እርምጃ ይነበባል። የጠፋው ወረራው ብቻ ነው፤ ሰንጠረዥን ከሌሎቹ የቼዝ ዘመዶች ሁሉ የሚለየው ክፍል። የዚህ ዓይነቱ ጥፋት ከተበላሸ ፋይል የከፋ ነው፤ የተበላሸው ቢያንስ አልከፈትም ይላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በወረራው ጊዜ እያንዳንዱ እርምጃ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ጨዋታው ከተጀመረ የተቆጠረው ጊዜ፣ የማን እጅ እንደሆነ፣ መነሻው፣ መድረሻው። ሁለቱ ተጫዋቾች የነኩት ሁሉ በሰዓቱ ቅደም ተከተል ይሰለፋል። ከመጀመሪያው መብላት በኋላ የተለመደው ቁጥር ይቀጥል። የተጫዋቹ ስም ባለቤቱ እንደሚጠራበት፣ ሳይገለበጥና ሳይከፈል፣ በራሱ ፊደል ይስፈር። የማውጫው ደንብ ከኤድዋርድስ ይወሰድ፤ አንድ ጨዋታ አንድ ፋይል ብቻ ሊኖረው ይገባል።

ሰንጠረዥን በስልክ ላይ ለማጫወት ለምታስቡ ወጣት ፕሮግራመሮች የምለው ይህን ነው፦ ከመተግበሪያው በፊት መጻፊያውን ሥሩ፤ ወረራውን ከነሰዓቱ መዝግቡ፤ ደንቡንም ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት አውጡት። መተግበሪያችሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ ስልክ ላይ አይከፈት ይሆናል፤ ጨዋታዎቹን ግን ሌላ ሰው በሠራው ላይ ማየት መቻል አለብን።