የለካነው ሥርዓቱን ነው ወይስ ፍተሻውን?

ከስድስት ኪሎ ዋናው በር እስከ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ተማሪ በእግሩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ለማወቅ ፈለግን እንበል። ሰዓታችንን የምናስጀምረው ግን ተማሪው ከበሩ ውጭ ለፍተሻ ከተሰለፈበት ቅጽበት ቢሆን፣ የምናገኘው ቁጥር ስለ ተማሪው እግር የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። መታወቂያ ማሳየቱ፣ ቦርሳ ማስፈተሹ፣ ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ብዛት ሁሉ በቁጥሩ ውስጥ ተደባልቀዋል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ በትክክል ተለክቷል። ሐሰት የሚሆነው «ይህ ተማሪ ቀርፋፋ ነው» ብለን የደመደምን እንደሆነ ነው።

የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናዎችን ፍጥነት አነጻጽሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰበ ተማሪን የሚጠብቀው ወጥመድ ይኸው ነው። ተማሪው፣ መቼም አዲስ ነገር ይስባልና፣ ከሁሉ የቅርብ ጊዜ የሆነውን የሙከራ እትም አውርዶ ይጭናል። ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ካለው የተረጋጋ እትም ጋር ያወዳድረዋል። አዲሱ ተሸንፎ ይገኛል። ተማሪው ያላስተዋለው የሙከራው እትም አስኳል፣ ማለትም ከርነሉ፣ ሆን ተብሎ በፍተሻ ተሞልቶ መቅረቡን ነው።

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በግንባታ ላይ ባለው ቅርንጫፉ ውስጥ ለተጠቃሚዎች ከሚሰጡት ማሳሰቢያዎች አንዱ ለብዙ ዓመታት «ሥርዓቱ ዘገምተኛ ነው» ለሚሉ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ስሕተት ማደኛዎቹ በርተው እንደሚመጡ፣ ፍጥነትን ክፉኛ እንደሚጎዱና ለመለካት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያጠፋቸው እንደሚገባ ይገልጻል። በሊኑክስ ዓለምም ፌዶራ «ራውሃይድ» በሚሰኘው የሙከራ ቅርንጫፉ ፍተሻ የበዛበትን ከርነል ለረዥም ጊዜ ሲያቀርብ፣ ፍተሻ የሌለበትን ደግሞ ለብቻ ያዘጋጅ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ፣ ጥፋቱ ያለማንበብ ነው።

ለመሆኑ ፍተሻው ምን ይሠራል? በከርነል ውስጥ ብዙ ተግባራት በአንድ ጊዜ ስለሚሮጡ፣ የጋራ የሆነውን መረጃ አንዱ ሲነካ ሌላው እንዳያበላሽበት በቁልፍ ይዘጋዋል። አንዱ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ የቢሮውን ሲጠብቅ፣ ሌላው የቢሮውን ይዞ የመጋዘኑን ከጠበቀ ሁለቱም ለዘለዓለም ቆመው ይቀራሉ። ይህን አደጋ ለመያዝ በፍሪቢኤስዲ «ዊትነስ»፣ በሊኑክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ከ2.6.18 እትም ጀምሮ «ሎክዴፕ» የሚባሉ አማራጮች አሉ። ቁልፍ በተያዘ ቁጥር፣ ያ ተግባር ቀደም ሲል የያዛቸው ቁልፎች እነማን እንደሆኑ ያዩና ቅደም ተከተሉን ከመዝገባቸው ጋር ያመሳክራሉ። ሌሎች አማራጮች የተለቀቀ ማኅደረ ትውስታን በታወቀ ምልክት ይሞሉና፣ ቦታው እንደገና ሲሰጥ ምልክቱ አለመነካቱን ያረጋግጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ሊኑክስ የገባው «ካሳን» ደግሞ ከእያንዳንዱ የማኅደረ ትውስታ ንባብና ጽሕፈት በፊት ትንሽ ምርመራ ያስገባል፤ ለዚህም በመሠረታዊ ዓይነቱ ለያንዳንዱ 8 ባይት 1 ባይት የጥላ መዝገብ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ፍተሻው ሁሉን ነገር በእኩል መጠን ቢያዘገይ ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ በቋሚ ቁጥር አካፍለን እናስተካክለው ነበር። ነገር ግን አያደርገውም። አንድ ፕሮግራም ሁለት ትልልቅ ማትሪክሶችን የሚያባዛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከከርነሉ ውጭ ስለሆነ፣ ፍተሻው ብዙም አይሰማውም። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን የሚፈጥርና የሚሰርዝ ወይም ከኔትወርክ መልእክት የሚቀበል ፕሮግራም ግን ከርነሉን በየቅጽበቱ ይጠራል፤ በጠራ ቁጥር ቁልፍ ይያዛል፣ ማኅደረ ትውስታ ይሰጣል፣ ይለቀቃል። ስለዚህ በአንድ ግራፍ ላይ አንዱ ዓምድ ሳይነካ ሌላው ይወድቃል። ከሁለት የፕሮግራም አጻጻፍ ስልቶች የትኛው እንደሚበልጥ የሚነግረን ደረጃ ራሱ ሊገለበጥ ይችላል።

ከዚህም የከፋው የአንጎለ ኮምፒውተሩ ክፍሎች ሲበዙ የሚታየው ነው። አንዳንድ ፍተሻዎች መዝገባቸውን የሚይዙት ለሁሉም ክፍሎች በጋራ ስለሆነ፣ ስምንት ሠራተኞች በአንድ ጸሐፊ ፊት ተሰልፈው እንደ መቆም ይሆናል። ተማሪው ከአንድ ወደ ስምንት ቢያሳድግም ፍጥነቱ አልጨምር ይለዋል፤ እርሱም «ሥርዓቱ ከብዙ ክፍሎች መጠቀም አይችልም» ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ግን ስለ ጸሐፊው ነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ወረድ ብንል፣ ይህን ትምህርት ሌላ የሳይንስ ዘርፍ አስቀድሞ እንደ ተማረው እናያለን። የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ለሥራው ልዩ ዋጋ ሰጥቶታል። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለ የብረት ቁልፍ እንኳ ንባቡን እንደሚያዛባ ያውቃልና፣ ወደ መሣሪያው ከመጠጋቱ በፊት ኪሱን ያራግፋል። የኮምፒውተር ተማሪ ኪሱን እንዲያራግፍ ግን ማን ይነግረዋል? በእኔ እምነት መምህራን ግራፉን ከማየታቸው በፊት የከርነሉን የግንባታ አማራጮች ዝርዝር መጠየቅ አለባቸው። ዝርዝሩን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች «ቡት» በሚባለው ማውጫ ውስጥ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። እርሱ የሌለበት የፍጥነት ሠንጠረዥ አሃድ እንዳልተጻፈበት ርዝመት ነው። የአንድ ቤተ ሙከራ አገልጋይ ኮምፒውተር በየትኛው ሥርዓት ይሠራ የሚለው ውሳኔ እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ሲመሠረት ደግሞ፣ ዋጋውን ለዓመታት የሚከፍሉት ከኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ናቸው።

ይህን ስል «እንግዲያው ፍተሻው ሁልጊዜ ይጥፋ» የሚሉትን አልደግፍም። ከርነል ለሚጽፍ ወይም ለሚያሻሽል ተማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ጥፋቱን በተፈጸመበት መስመር ላይ እጅ ከፍንጅ ይይዝለታል። ነገር ግን እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ፍተሻው ጊዜን ስለሚለውጥ፣ በቅጽበት ሽሚያ ብቻ የሚከሰት ስሕተት ፍተሻው ሲበራ ተሰውሮ፣ ሲጠፋ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛነቱን በሁለቱም ዓይነት ከርነል መሞከር፣ ፍጥነቱን ግን ፍተሻ በሌለበት ብቻ መለካት ይበጃል። በፍሪቢኤስዲ በኩል ከከርነሉ ውጭ ያለው የማኅደረ ትውስታ አዳይም በሙከራው ቅርንጫፍ የራሱ ፍተሻ ስለነበረው፣ ከርነሉን ብቻ ቀይሮ «አጥፍቻለሁ» ማለት አይበቃም።

በፍተሻ የተገኘው ቁጥርም መጣል የለበትም። ያው ኮምፒውተር፣ ያው ፕሮግራም፣ ያው እትም ሆኖ አማራጮቹን አንድ በአንድ እያበሩና እያጠፉ ቢለኩት፣ ልዩነቱ የእያንዳንዱን ፍተሻ ዋጋ ያሳያል። ርዕስ ለቸገረው ተመራቂ ይህ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ጥቂት ሳምንታት የሚበቁት ሥራ ነው።