ዴህራዱንን ውሃዋን ተከትሎ ማየት

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ዴልሂ የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። በተለይ አስታማሚ ሆኖ የሄደ ሰው በሐኪም ቀጠሮዎች መካከል ሁለት ሦስት ቀን ፋታ ያገኛል። አብዛኛው ሰው በዚያች ፋታ ታጅ ማሃልን ለማየት ወደ አግራ ይሄዳል፤ መታየት ያለበት ነገር ነውና አልቃወምም። ሁለተኛ ፋታ ያገኘ ግን ፊቱን ወደ ሰሜን ያዙር እላለሁ። ከኒው ዴልሂ በባቡር ስድስት ሰዓት ገደማ የተጓዘ ሰው ሂማላያ ግርጌ ያለችው ዴህራዱን ይደርሳል።

ዴህራዱን እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው የኡታራካንድ ክፍለ ግዛት መንግሥት መቀመጫ ናት። ሕንዳዊው ጎብኚ ራሱ እንደ መተላለፊያ ነው የሚቆጥራት። ከባቡር ይወርዳል፣ ታክሲ ይይዛል፣ ጠመዝማዛውን መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሙሱሪ ይገሰግሳል። ሙሱሪ ነፋሻና ውብ ናት፤ በሙቀቱ ወራት ግን የመኪናው ሰልፍ ያስመርራል። ቁልቁል የቀረችው ከተማ የምትሰጠውን ያህል እሷ አትሰጥም ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ የተቀመጠችው ዱን በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ነው። በሰሜን የሙሱሪ ተራሮች፣ በደቡብ ዝቅ ያሉት የሺዋሊክ ኮረብቶች ያጥሯታል። በምሥራቅ ጋንጀስ፣ በምዕራብ ያሙና ይወርዳሉ። የሙሱሪ ተራሮች በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ናቸው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ጥቂት አሲድነት አለው፤ ድንጋዩን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በስንጥቁና በጉድጓዱ ይጠራቀማል፣ ወራት ቆይቶ ግርጌው ላይ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ተራራው የውሃ ጎተራ ነው። ጎብኚ የሚሰበሰብባቸውን አብዛኞቹን ቦታዎች የሠራቸውም ከዚህ ተራራ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ይህን ይዞ የሚዞር ሰው አንዱን ቦታ ከሌላው ጋር እያያያዘ ያያል።

ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ጉቹፓኒን እንውሰድ፤ የሽፍቶች ዋሻም ይሉታል። ዋሻ ይባል እንጂ ውሃ ለዘመናት የቦረቦረው፣ ሁለት ግድግዳው ከላይ ሊነካካ የቀረበ ጠባብ ገደል ነው። ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል ይሆናል። መሄጃው ራሱ ወንዙ ነው። በር ላይ የላስቲክ ጫማ ይከራያሉ፤ ሱሪ ይጠቀለላል፣ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይሰማል፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም እጅ ለእጅ ተያይዞ በጉልበት ልክ ውሃ ውስጥ ይሄዳል። የማይተዋወቅ ሰው አንዱ ሌላውን ደግፎ ድንጋይ ሲያሻግር ይታያል። እኔ በሕንድ ካየኋቸው መዝናኛዎች ሁሉ ሀብታምና ድሃ በእኩል የሚደሰትበት ይህን የመሰለ አላውቅም።

በቶንስ ወንዝ ዳር ያለው የታፕኬሽዋር ቤተ መቅደስም የዚሁ ውሃ ሥራ ነው። በቤተ መቅደሱ ዋሻ ውስጥ የሂንዱው አምላክ የሺቫ ምልክት የሆነው ድንጋይ አለ፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ሌትና ቀን ያርፍበታል። ምእመናኑ ወንዙን እየሰሙ ነው የሚጸልዩት። ገብቶ ማየት የሚፈልግ የውጭ ሰው ጫማውን ያውልቅ፣ ድምፁን ይቀንስ፣ ካሜራውንም ሳያስፈቅድ አያውጣ።

ሳሃስትራዳራ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እዚያ ድኝ ያለበት ምንጭ ይፈልቃል፤ ከኖራው ድንጋይ ገደል ላይም ውሃ በብዙ ቀጫጭን ጅረት ይንጠባጠባል። የቆዳ ሕመም ይፈውሳል ብለው የሚታጠቡበት አሉ። ቅዳሜና እሁድ ሕዝቡ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ ይንቦጫረቃሉ፣ ሻይና የተጠበሰ በቆሎ ይሸጣል። ከዚያ ሕዝብ መካከል ቀና ብሎ የሙሱሪን ተራሮች የሚያይ ስንቱ ነው? እነዚያ ተራሮች እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ በዲናሚት ይፈነዱ ነበር። ድንጋያቸው እጅግ ንጹሕ ስለሆነ ለብረታ ብረትና ለኬሚካል ፋብሪካዎች ይፈለግ ነበር። ደኑ ተመነጠረ፣ ፍርስራሹ ወደ ወንዞቹ ተንዶ አልጋቸውን ሞላ፣ የመንደር ምንጮች ደረቁ። ጎተራው ራሱ እየተጫነ ነበር ወደ ፋብሪካ የሚሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የዴህራዱን ድርጅት ለሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ፍርድ ቤቱ ደብዳቤውን እንደ ክስ አቤቱታ ቆጥሮ ተቀበለው። ባለሙያዎች ተራራውን ወጥተው አዩ፤ መጋቢት 12 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በተሰጠው ትእዛዝም ብዙዎቹ የድንጋይ ካባዎች እንዲዘጉ ተወሰነ። ዳኞቹ ባለፈቃዶቹ እንደሚጎዱ አልሸሸጉም፤ ሕዝቡ በጤናማ አካባቢ የመኖር መብቱ እንዲጠበቅ ይህ ዋጋ መከፈል አለበት ብለው ነው የፈረዱት። ሥራ የሚያጡትን ሠራተኞች አልረሷቸውም፤ በተቻለ መጠን በዚያው ተራራ ላይ ዛፍ በመትከልና አፈር በመጠበቅ ሥራ እንዲቀጠሩ አዘዙ። በሲንስያሩ ሸለቆም የመንደር ሴቶች የካባውን የጭነት መኪኖች መንገድ ዘግተው ቆመዋል። ተራራውን መልሶ በማልበሱ ሥራ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ተሳትፈውበታል።

ዛሬ ከከተማው ቀና ሲሉ የሚታየው አረንጓዴ እንዲሁ የቆየ ሳይሆን ተከራክረው ያስመለሱት ነው። ይህ ታሪክ ለጎብኚ ሁሉ መነገር አለበት። አስጎብኚዎቹ ስለ ጉቹፓኒ ሽፍቶች ከሚያወሩት እኩሌታውን ስለዚህ ቢያወሩ የሳሃስትራዳራ ውሃ ለሰው ሌላ ጣዕም ይኖረው ነበር።

ወደ ሳሃስትራዳራ በሚወስደው መንገድ ዳር ብዙ መኪና ሳይቆም የሚያልፋቸው ሁለት አጫጭር ነጭ ሐውልቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1814 እንግሊዞች ከኔፓል ጋር ሲዋጉ በናላፓኒ ኮረብታ ላይ የነበረውን የካላንጋን ምሽግ ከበቡ። ውስጥ ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው የነበሩት ጉርካ የሚባሉት የኔፓል ተዋጊዎች 600 ገደማ ሲሆኑ መሪያቸው ባልባድራ ኩንዋር ነበር። በጥቅምት 31ዱ ጥቃት የእንግሊዙ ጄኔራል ጊሌስፒ ራሱ ወደቀ። በኅዳር ወርም ሁለተኛው ጥቃት ከሸፈ። ምሽጉን የፈታው የውሃው መንገድ መቆረጡ ነው። ጥም የጸናባቸው ጉርካዎች በኅዳር መጨረሻ ባልባድራን ተከትለው ከበባውን ጥሰው ወጡ፤ የተረፉት 70 ያህል ነበሩ። እንግሊዞች በኋላ አንዱን ሐውልት ለጊሌስፒና አብረውት ለሞቱት፣ ሁለተኛውን ለባልባድራና ለጉርካዎቹ አቆሙ። የጠላቱን ጀግንነት ከራሱ ሙታን ጎን በእኩል ቁመት ያቆመ ወራሪ በዓለም ብዙ አይገኝም። በዴህራዱን አንድ ነገር ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እዚህ እልከዋለሁ።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው የደን ምርምር ተቋም ሕንፃ ግዙፍና ግርማ ያለው ነው፤ በእንጨት ሙዚየሙ ውስጥ ከ700 ዓመት በላይ የኖረ የዝግባ ዘመድ ግንድ ቁራጭ፣ የዕድሜ ቀለበቶቹ እየተቆጠሩ ይታያል። በክሌመንት ታውን ቲቤታውያን ስደተኞች የገነቡት የሚንድሮሊንግ ገዳም ትልቅ ስቱፓ (የቡድሂስቶች መታሰቢያ ሕንፃ) አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 የተከፈተው የሕንድ ጦር አካዳሚም እዚሁ ነው፤ የሐረር ጦር አካዳሚን ያደራጁት ሕንዳውያን መኮንኖች መሆናቸውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በበሩ ሲያልፍ ዞር ብሎ ማየቱ አይቀርም። ወደ ያሙና ያቀና ደግሞ ካልሲ ላይ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀረጸውን ዓለት ያገኛል። በካሊንጋ ጦርነት 100,000 ሰው ማስገደሉን ቆጥሮ መጸጸቱን በድንጋይ ያጻፈ ንጉሥ ነው።

የሚያሳስበኝ የከተማዋ መሐል ነው። ዴህራዱን ድሮ በመስኖ ቦይ የምትታወቅ ከተማ ነበረች፤ የራጅፑር ቦይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በንግሥት ካርናቫቲ ዘመን የተጀመረ ነው ይባላል። ስሟን ያስጠራው ባስማቲ ሩዝም በእነዚህ ቦዮች ይጠጣ ነበር። አሁን ቦዮቹ ብዙ ቦታ ላይ መንገድ ለማስፋት ተደፍነዋል፣ የሩዙ ማሳ ቤት ሆኗል፣ ከተማውን የሚያቋርጡት ሪስፓናና ቢንዳል ወንዞች ዳርና ዳራቸው ቤት ተሠርቶባቸው ቆሻሻ ይሸከማሉ። በሳሃስትራዳራም ሱቅና ሆቴል እስከ ጅረቱ አፍ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 አጋማሽ ሌሊት የወረደው ዶፍ ሱቆቹን ጠርጎ ወሰደ፣ የታፕኬሽዋርን ግቢ አጥለቀለቀ፣ የሰው ሕይወትም ቀጠፈ። ተራራውን በፍርድ ቤት ያስመለሰ ከተማ የወንዞቹን ዳር ለሕንፃ መስጠቱ ያንገበግበኛል። ከጉቹፓኒ በር ላይ ከጎብኚ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሪስፓና ጽዳት ቢውል፣ በጅረት ዳርም አዲስ ሆቴል መሥራት ቢከለከል፣ ጎብኚው በደስታ እጥፍ ይከፍላል ብዬ አስባለሁ።

የዝናቡ ወራት ከእኛ ክረምት ጋር አንድ ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ባይሄዱ ይመረጣል። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ በብርዱ ወራት ከሰሜን የሚመጡት ስደተኛ ዳክዬዎችም በአሳን ግድብ ረግረግ ላይ ያርፋሉ። በማናቸውም ወር ቢሆን ሌሊቱን ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ጉቹፓኒን ለሌላ ቀን ይተዉት። ሰማዩ ከተማው ላይ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ከላይ ድንገት ሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ጠባብ ገደል ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም።