እግር ጡረታ አይወጣም

በአገራችን ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሥራ መደብና ስለ አበል ነው፤ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሳንባና ስለ ልብ አንድም አንቀጽ የለውም። ቤተሰብና ጎረቤት ግን ጡረታውን ከመሥሪያ ቤት አውጥተው በሰውየው አካል ላይ ያውጁታል። አባት ውኃ ሊቀዱ ሲነሱ «ኧረ ይቀመጡ አባባ» ይባላሉ። እናት ዘንቢል አንጠልጥለው ወደ ጉሊት ሊወጡ ሲሉ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ተሽቀዳድሞ ይቀበላቸዋል። ሁሉም በፍቅርና በአክብሮት የሚደረግ ስለሆነ ክፉ ነው የሚል የለም። እኔ ግን ጉዳት አለው እላለሁ። ዕድሜ ላይ የምናላክከው ድካም ብዙው የመቀመጥ ውጤት ነው። ይህን ለማሳየት ከብስክሌት የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል፤ እርጅና በራሱ የሚያደርሰውንና ሥራ መፍታት የሚያደርሰውን ለይተው ማየት የፈለጉ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሄዱት ወደ አረጋውያን ብስክሌት ነጂዎች ነውና።

ነገሩን ከዳላስ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚህች የአሜሪካ ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኝተው አቅማቸው ምን ያህል እንደሚቀንስ ለኩ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና መረመሯቸው። ሰዎቹ 50 ዓመት ደርሰዋል፣ ክብደት ጨምረዋል፣ ወገባቸው ሰፍቷል። እንዲያም ሆኖ የ30 ዓመት ዕድሜ የቀነሰባቸው አቅም የሦስት ሳምንት መኝታ ከቀነሰባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ለስድስት ወር በእግር ጉዞ፣ በሶምሶማ ሩጫና ባለበት በሚሽከረከር የቤት ውስጥ ብስክሌት ቀስ በቀስ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በስድስተኛው ወር መጨረሻ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅንን ወስዶ የመጠቀም አቅሙ በ30 ዓመት ውስጥ ያጣውን በሙሉ አስመልሶ 20 ዓመት ሳሉ ወደነበረበት ደረጃ ተመለሰ። አምስት ሰው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ሰው በ20 ዓመቱም በ50 ዓመቱም የተለካበት ምርመራ እምብዛም አይገኝም፤ የሚያሳየውም አቅጣጫ ግልጽ ነው።

ሃምሳ ዓመት ገና ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ እንግሊዝ እንለፍ። የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆነ 125 ሰዎችን፣ 84 ወንዶችንና 41 ሴቶችን፣ መርምረው ውጤቱን በ2015 አሳትመዋል። ሁሉም ለደስታቸው ብስክሌት የሚነዱ እንጂ ተከፋይ ተወዳዳሪዎች አልነበሩም፤ ለምርመራው ለመመረጥ ግን ወንዱ 100 ኪሎ ሜትር ከስድስት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ፣ ሴቷ 60 ኪሎ ሜትር ከአምስት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ መንዳት ነበረባቸው። የልባቸው፣ የሳንባቸው፣ የጡንቻቸው፣ የአጥንታቸውና የሚዛን አጠባበቃቸው ልኬት አንድ ላይ ተቀምጦ ሲታይ፣ ከልኬቱ ብቻ ተነሥቶ የአንዱን ሰው ዕድሜ መናገር አልተቻለም። የዚሁ ቡድን ሥራ ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ቀጥሎ በ2018 ሌላ ነገር ገለጠ። ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ቲመስ የተባለው እጢ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን የሚያመርት ሲሆን ከወጣትነት ጀምሮ እየኮሰመነ ይሄዳል። በእነዚህ ብስክሌት ነጂዎች ደም ውስጥ ግን ከእጢው አዲስ የወጡት ሕዋሳት ብዛት ከወጣቶች የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ብስክሌቱ የሠራው ለእግር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ከሄዱት ሰዎች የታወቀው ፈረንሳዊው ሮበር ማርሻን ነው። በ1911 ተወልዶ በ2021 በ109 ዓመቱ ያረፈው ይህ ሰው በወጣትነቱ ብስክሌት ይወዳደር ነበር፤ ከዚያ በእሳት አደጋ ሠራተኛነትና በሌሎች ሥራዎች፣ በተለያዩ አገሮችም ሲዘዋወር ብስክሌቱን ለረጅም ዘመን ተወው። በቋሚነት የተመለሰበት ወደ 70 ዓመት ሲጠጋ ነው። 100 ዓመት ካለፈው በኋላ በ2012 በአንድ ሰዓት 24.251 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ በ2014፣ በ102 ዓመቱ፣ ራሱ የያዘውን ክብረ ወሰን አሻሽሎ 26.927 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ሳይንቲስቷ ቬሮኒክ ቢያ በመካከሉ የነበረውን ልምምዱን ተከታትላዋለች። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ ነበር፤ ከዚህ አብዛኛው ቀላል ጉዞ፣ አንድ አምስተኛው ብቻ ጠንከር ያለ ነው። ከ101 እስከ 103 ዓመቱ ባለው ጊዜ ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ 13 በመቶ ጨመረ። ማርሻን በተፈጥሮው ልዩ ሰው መሆኑ አያከራክርም፤ ሁላችንም 109 ዓመት እንኖራለን፣ ክብረ ወሰን እንሰብራለን የሚል የለም። ዋናው ቁም ነገር መቶ ዓመት ያለፈው አካል እንኳ ለልምምድ መልስ መስጠቱ ነው። በዚያ ዕድሜ በሩ ካልተዘጋ በ65 ዓመት ተዘግቷል ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሰዎቹ ብስክሌት ስለነዱ ጤነኛ ሆኑ ወይስ ጤነኛ ስለሆኑ ነዱ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የለንደኑ ጥናት የሚያጨሱትን፣ ብዙ የሚጠጡትንና የደም ግፊት ያለባቸውን ከመጀመሪያው አስቀርቷል። በኮፐንሃገን ከ30,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2000 የታተመው ጥናትም ወደ ሥራ በብስክሌት በሚሄዱት ዘንድ ሞት 30 በመቶ ገደማ ማነሱን ቢያሳይም፣ ብስክሌት ነጂውን ከሌላው የሚለየው ሌላ ጠባይ የለም ብሎ መማል አይቻልም። ስለዚህ ክብደት የሚሰጠው ማስረጃ ነጂ ያልሆኑትን አስጀምሮ ያየው ነው። የዳላሶቹ ሰዎች ሲጀምሩ የደከሙ ነበሩ። በእንግሊዝም የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 83 የሆነና ብስክሌት የማይነዱ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት እንዲነዱ ተደርጓል። ገሚሱ ተራ ብስክሌት፣ ገሚሱ ሞተር የሚያግዘውን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያዘ። በሁለቱም ወገን አእምሮ ትኩረትንና ውሳኔን የሚያስተዳድርበት ችሎታ በአንዳንድ መለኪያዎች ተሻሽሎ ታይቷል፤ የመንፈስ ደህንነት መሻሻል የታየው ደግሞ በተለይ በኤሌክትሪኩ ነጂዎች ላይ ነበር። ስምንት ሳምንት አጭር ነው፣ ለውጡም ተአምር አይባልም። ቢሆንም የተገኘው ቀድሞ በማይነዱ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ጥቅሙ ለተመረጡ ጤነኞች ብቻ ነው የሚለውን ጥርጣሬ ያላላዋል።

ታዲያ የእግር ጉዞ አይበቃም ወይ? ለሚችል ሰው በጣም ጥሩ ነው፤ ከእግር ጉዞ ጋር ጠብ የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ላለፈው ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ያ በእግርም ሊሟላ ይችላል። ነገር ግን ብዙ አረጋዊ ከእግር ጉዞ የሚቀረው ልቡ እምቢ ብሎት ሳይሆን ጉልበቱ እያመመው ነው። በብስክሌት ላይ የሰውነት ክብደት ብዙው በኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ የጉልበት መገጣጠሚያ እንደ ሩጫ አይመታም፤ ልብና የጭን ጡንቻ ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። ድካሙንም ነጂው በማርሹ ይመጥነዋል። ሌላው ጥቅም ሩቅ ማድረሱ ነው። አዛውንቱ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ እድር፣ ወዳጅ ቤት፣ ጤና ጣቢያ በራሳቸው ጊዜ ደርሰው ይመለሳሉ፤ አድራሽ ልጅ አይለምኑም። በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ ስፖርት ሰነፍ ቀን ሲመጣ ይቋረጣል፤ ጉዳይ ማድረሻ የሆነ እንቅስቃሴ ግን ጉዳዩ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ መውደቅ ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም። በወጣት ላይ ቁስል ብቻ የሚያስከትል አወዳደቅ በ70 ዓመት የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። በብስክሌት በምትታወቀው ኔዘርላንድስ እንኳ በ2017 በትራፊክ አደጋ የሞቱት ብስክሌተኞች 206 ሲሆኑ በመኪና ውስጥ ከሞቱት 201 ሰዎች ይበልጡ ነበር፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በዚያ ላይ ብስክሌት አጥንት ክብደት እንዲሸከም ስለማያደርግ ብቻውን አጥንትን አያጠነክርም። መልሱ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የነጂው ድርሻ ነው። እግር ሳያነሡ የሚወጡበት ዝቅ ያለ ብስክሌት፣ ተቀምጠው ሁለት እግር መሬት የሚነካበት ኮርቻ፣ ሚዛን ላጣ ሰው ሦስት ጎማ ያለው፣ በራስ ላይ ሄልሜት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ። ሁለተኛው የከተማው ድርሻ ነው፤ ይህኛው ይበልጣል። በዚያችው ኔዘርላንድስ በ2000ዎቹ በተሰበሰበ መረጃ 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከሚያደርጉት ጉዞ 24 በመቶው በብስክሌት ነበር፤ በአሜሪካ ያው ቁጥር አንድ በመቶ አይሞላም። የሁለቱ አገር ሽማግሎች አጥንት አንድ ነው። የተለየው መንገዱ ነው። የኔዘርላንድስም መንገድ በተፈጥሮ የተገኘ አይደለም፤ በ1970ዎቹ የሕፃናት በመኪና መሞት ያስቆጣቸው ወላጆችና ሌሎች ዜጎች አደባባይ ወጥተው ያስለወጡት ነው። አደጋ መኖሩ መንገዱን ለማስተካከል ምክንያት ይሆናል፤ ሰውን ቤት ለማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ወንበር ላይ መዋልም ልብን፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ይዞ የሚመጣ አደጋ ነውና።

ወደ ቤታችን ስንመጣ «ይህ ለሜዳ አገር ሰው ነው» የሚል ይኖራል። ለአዲስ አበባ ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ከአቃቂ ተነሥቶ እንጦጦ ድረስ ያለው ዳገት ጎረምሳውንም ያስተነፍሳል፤ ለዚህ ዓይነቱ ከተማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቅንጦት አይባልም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ግን ሜዳ ናቸው፤ ብስክሌትም በሁለቱ ከተሞች የቆየ የዕለት መጓጓዣ ነው። ለአዛውንት ክብር አይመጥንም የሚለውም ወግ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከአትሌቶቿ ጋር ያሰለፈችው ብስክሌተኞችን ነው። በበቅሎ መሄድ የማዕረግ ምልክት በነበረበት አገር በብስክሌት መሄድ የሚያዋርድበት ምክንያት አይታየኝም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ መኪና የማይገባባቸው እሑዶችን ጀምራለች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩ ጎዳናዎችም የብስክሌት መስመር ይዘዋል። ጅምሩ መልካም ነው። መስመሩ ግን ድንገት የሚቋረጥ፣ መኪና የሚቆምበት ወይም ሞተር ሳይክል የሚገባበት ከሆነ የሚጠቀመው ደፋር ወጣት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ የብስክሌት መንገድ መመዘኛው የ70 ዓመት እናት ሳይፈሩ ሊነዱበት መቻላቸው ይሁን። ለእሳቸው የተመቸ ለተማሪውም፣ ለሠራተኛውም ይመቻል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ዕድሜ ጉልበት መቀነሱ አይቀርም፤ መቀመጥ ከሚቀንሰው ጋር ሲነጻጸር ግን የብቻው ድርሻ ከምንገምተው ያነሰ ነው፤ በመቀመጥ የሄደውም ብዙው ይመለሳል። 60 ዓመት ያለፋችሁ አንባቢዎች፣ በተለይ ልብ ወይም የደም ግፊት የሚያስቸግራችሁ፣ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ከዚያም በሜዳ ቦታ፣ በጠዋት፣ መኪና በሌለበት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ጀምሩ። መውጣት የማይቻላችሁ የቤት ውስጡን ብስክሌት ያዙ፤ የዳላሶቹም አቅም የተመለሰው በእሱ ጭምር ነው። ልጆችም ወላጅን ማክበር ወንበር በማቅረብ ብቻ እንደማይገለጥ ተረዱ። በሚቀጥለው በዓል ለአባታችሁ ጋቢ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ጋቢ ካላቸው ብስክሌት ግዙላቸው።